«አሜባ አለበት»፦ ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጀርባ ያለው ረጅም ታሪክ

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው ሰነበተ። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ጎረቤት «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሰገራው ላይ ደም ታየ። እናቱ አዝላው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ካርድ ታወጣለች፣ ወረፋ ትጠብቃለች፣ ናሙና ታስረክባለች። ትንሽ ቆይቶ ከላቦራቶሪው መስኮት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትወጣለች።

በዚህች ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱ ነው የሚጻፈው። ወይ የአንድ ጥገኛ ተውሳክ ስም፣ አለዚያም «ጥገኛ ተውሳክ አልታየም»። ስም ከተጻፈ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዛል፤ ሰፈሩ ሁሉ «ፍላጂል» እያለ የሚጠራው መድኃኒት ነው። እናትየው ወደ ቤት ስትመለስ «ምን አሉሽ?» ተብላ ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፤ «አሜባ አለበት አሉኝ።»

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማ አይቀርም። ችግሩ ወረቀቷ ትዋሻለች ማለት አይደለም። ባለሙያው በማይክሮስኮፑ ያየውን ነው የጻፈው። ችግሩ ማይክሮስኮፑ ማየት የሚችለው ጥቂት ነገር መሆኑ፣ የታየው ደግሞ የበሽታው ምክንያት ተደርጎ መወሰዱ ነው። ይህ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ብቻ ልማድ አይደለም። የዓለም ሳይንስ ራሱ ከዚህ ልማድ ለመላቀቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ሰው የገዛ ሰገራ ነው። በ1681 በኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ የሚኖረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ፣ ሆዱን አሞት በነበረ ጊዜ ሰገራውን ራሱ በሠራው ሌንስ ሥር አስቀምጦ ተመለከተ። የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አየ፤ ያየውንም ለንደን ወደሚገኘው የሳይንስ ማኅበር ጽፎ ላከ። ዛሬ ያየው ጃርዲያ እንደነበር ይታመናል። ከዚያ በኋላ ለ178 ዓመታት ያህል ጉዳዩን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1859 የፕራጉ ሐኪም ቪልየም ላምብል ያንኑ ፍጥረት ከሕፃናት ሰገራ ውስጥ አግኝቶ በሥዕል አስቀመጠው።

አሜባ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አመጣጡ ደግሞ ሊተረክ የሚገባው ነው። በ1875 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ፌዶር ሎሽ የተባለ ሐኪም ከሰሜን ሩሲያ፣ ከአርካንግልስክ የመጣ አንድ ገበሬ ያክም ነበር። የገበሬው የደም ተቅማጥ አልቆም ብሏል። ሎሽ ሰገራውን ሲመረምር በአሜባ ተሞልቶ አገኘው። ናሙናውን ለውሾች ሰጠ፤ ከውሾቹ አንዱ ታመመ፣ አንጀቱም ቆሰለ። በዚያ ዘመን ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ምክንያቱን አገኘሁ» ብሎ ያውጅ ነበር። ሎሽ ግን ጠንቃቃ ነበር። አሜባው ቁስሉን እንዳይድን ያደርገዋል እንጂ በሽታውን የጀመረው እሱ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ነገር ቀድሞ መንገዱን ከፍቶለት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ማለትም አንድ አንጀት ውስጥ ሁለት ጥፋተኞች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠርጥሯል። ከእሱ በኋላ የመጡት ጥርጣሬውን ረስተው አሜባውን ብቻ ይዘው ሄዱ።

ለዚህ ምክንያት አለው። ቀጣዮቹ ዓመታት የሮበርት ኮህ ዓመታት ናቸው። ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አገኘ። በ1883 ኮሌራን ፍለጋ ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ወደ ካልካታ ሄደ። እግረ መንገዱን በደም ተቅማጥ በሞቱ ግብፃውያን የአንጀት ግድግዳ ላይ አሜባ አየ። የዘመኑ እምነት «አንድ በሽታ፣ አንድ ተሕዋስ» የሚል ነበር፤ ይህ እምነት ለኮሌራና ለሳንባ ነቀርሳ በሚገባ ሠርቷል። የሕፃናት ተቅማጥ ግን በዚህ ቀመር አልገዛም አለ።

በ1885 ሙኒክ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪክ የጨቅላዎችን ሰገራ አንድ በአንድ እየመረመረ በጤነኛ ልጆች አንጀት ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኝ ባክቴሪያ ለየ። ዛሬ ኢ ኮላይ የምንለው ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ ከኤሸሪክ ስም የተወሰደ ነው። ያ የማይጎዳ የአንጀት ነዋሪ፣ መልኩ ከእሱ ፈጽሞ የማይለይ ነገር ግን መርዝ የሚያመነጭ ወንድም እንዳለው በደንብ የታወቀው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ለዚህም ካልካታ ውስጥ የተሠራው ምርምር ትልቅ ድርሻ አለው። በማይክሮስኮፕ ሁለቱ አንድ ናቸው። በካልቸር አሳድገው ቢያዩአቸውም አንድ ናቸው። የሚለያቸው የሚያመነጩት መርዝና መርዙን የሚሠራው ጂን ነው።

ከዚያ በፊት በ1897 ጃፓንን ትልቅ ወረርሽኝ መታ። ጃፓኖች በሽታውን «ሴኪሪ» ይሉታል፤ ቃሉ «ቀይ ተቅማጥ» እንደማለት ነው። በጥቂት ወራት ከ90 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆነው ሞተ። ትምህርቱን ከጨረሰ ገና ብዙም ያልቆየው ኪዮሺ ሺጋ በኪታሳቶ ተቋም ሥራው ላይ ተጠመደ። ዘዴው ብልህ ነበር። ከሕመምተኞች ሰገራ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይወጣል፤ ታዲያ ጥፋተኛው የቱ ነው? ሺጋ የሕመምተኞቹን ደም ወስዶ እያንዳንዱን ባክቴሪያ ከደሙ ፈሳሽ ጋር ቀላቀለ። ሰውነታቸው የተዋጋውን ባክቴሪያ ደማቸው ያውቀዋል፤ ሲያገኘውም ያረጋዋል። በዚህ መንገድ አንድ ባክቴሪያ ከብዙዎቹ መካከል ተለይቶ ወጣ። ዛሬ ሺጌላ የሚባለው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሺጋ «ምን ይታያል?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። «ሰውነቱ ከማን ጋር ነው የተጣላው?» ብሎ ነው የጠየቀው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ታሪክ ዋና ነገር ነው።

ስለ አሜባ ተመሳሳይ ጥያቄ የተጠየቀው በ1913 ማኒላ ውስጥ ነው። ፊሊፒንስ በአሜሪካ አገዛዝ ሥር ነበረች። ዎከርና ሴላርድስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በቢሊቢድ እስር ቤት ለሚገኙ «ፈቃደኛ» እስረኞች የአሜባ ዕንቁላል መሰል ሽፋን ያለው ቅርጽ ያለበት ነገር አበሏቸው። በቅኝ ገዢ እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ውጤቱ ግን ይህ ነበር፤ ከ20 ሰዎች 18ቱ አሜባ ተገኘባቸው። የደም ተቅማጥ የያዛቸው 4ቱ ብቻ ናቸው። አሥራ አራቱ አሜባውን በሆዳቸው ተሸክመው ደህና ነበሩ።

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት በ1925 ፈረንሳዊው ኤሚል ብረምፕት አንድ ሐሳብ አቀረበ። አሜባው አንድ ዓይነት አይደለም አለ። በማይክሮስኮፕ የማይለዩ ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ አንዱ አንጀት ያቆስላል፣ ሌላው ምንም አያደርግም። የማይጎዳውን «ዲስፓር» ብሎ ሰየመው። የሰማው አልነበረም። በዓይን የማይለዩ ሁለት ነገሮችን «ሁለት ናቸው» ማለት ለዘመኑ ሳይንቲስት ፍልስፍና እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

ብረምፕት ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው ከሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በ1978 የኢንዛይም ምርመራ በሁለቱ መካከል ልዩነት አሳየ። በ1993 ዳይመንድና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን በይፋ ለያዩአቸው። በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ስብሰባ ጠርቶ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የታየ አሜባ በደፈናው የሚጎዳው ዓይነት ተብሎ እንዳይጻፍ አሳሰበ። ለብዙ ዘመን «አሜባ አለበት» ከተባሉ የዓለም ሰዎች መካከል እጅግ የሚበዙት የተሸከሙት የማይጎዳውን ዓይነት ነበር።

ኢትዮጵያ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ከወንጂና ከአቃቂ በተሰበሰቡ የተቅማጥ ሕመምተኞች ናሙናዎች ላይ የተሠራ ጥናት በአንድ የእንግሊዝ የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት ታተመ። ርዕሱ ራሱ መደምደሚያውን ይናገራል፤ የሚጎዳው አሜባ በሌለበት የአሜባ በሽታ ከመጠን በላይ እየተመረመረ ነው የሚል ነው። «አሜባ» ተብለው ከተመዘገቡት ሰዎች ናሙና ውስጥ በዘረመል ምርመራ ሲታይ ጎጂው ዝርያ አልተገኘም። ጥናቱ ከታተመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፍላጂል ግን ዛሬም በየፋርማሲው እንደ ከረሜላ ይሸጣል።

ለምን? መልሱ ከባለሙያው ስንፍና ላይ አይደለም። አንድ ጠብታ ጨው ያለው ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ስላይድና አንድ ማይክሮስኮፕ ካለ የአሜባ ቅርጽ፣ ጃርዲያ፣ የወስፋት ዕንቁላል ይታያል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ሺጌላን ለማግኘት ግን ካልቸር ያስፈልጋል። ካልቸር ማለት ማብቀያ ምግብ፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ሳጥን፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የሠለጠነ ሰው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ትዕግሥት ነው። ሺጌላ ደግሞ ስሱ ነው፤ ናሙናው ጥቂት ሰዓት ከቆየ ይሞታል። መርዝ የሚያመነጨው ኢ ኮላይ ከነአካቴው በካልቸርም አይለይም። ሮታቫይረስ በ1973 ሜልቦርን ውስጥ በሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ሲገኝ የታየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

ስለዚህ ያ ሕፃን ሺጌላም አሜባም አብረው ቢኖሩበት፣ ወረቀቷ የምትናገረው ስለ አሜባው ብቻ ነው። ሜትሮኒዳዞል ሺጌላን አይገድልም።

ከሁሉም ተደብቆ የኖረው ግን ክሪፕቶስፖሪዲየም ነው። ቲዘር የተባለ አሜሪካዊ በ1907 በአይጥ ጨጓራ ውስጥ አግኝቶታል። ሰባ ዓመት ያህል የእንስሳት ሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቆየ። በሰው ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1976 ነው። ከዚያ የኤድስ ዘመን መጣ፤ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችን በማያቋርጥ ተቅማጥ ሲጨርሳቸው ታየ። በ1993 አሜሪካ ውስጥ የሚልዋኪ ከተማ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ገብቶ 400 ሺህ ያህል ሰው አሳመመ፤ ክሎሪን አይበግረውም። ያም ሆኖ የድሃ አገር ሕፃናትን በብዛት የሚያጠቃ ነገር ነው ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበር። መጠኑ ከአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ልዩ ቀለም ካልተቀባ በተራው ምርመራ ከእርሾ ጋር ይምታታል ወይም ጭራሽ አይታይም።

ምክንያቱን የማወቁ ሥራ እንዲህ ሲጎተት ሕፃናቱን ያዳነው ሌላ መንገድ ነው።

በ1971 የባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ሚሊዮኖችን ወደ ህንድ አሰደደ። ድንበር ላይ ባለችው ቦንጋኦን ከተማ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም የደረሰበት ሆስፒታል ወለሉ ሁሉ በታማሚ የተሞላ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ከሦስት ዓመት በፊት ዳካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ስኳርና ጨው በልክ የተቀላቀለበት ውሃ በአፍ ቢሰጥ የኮሌራ ሕመምተኛን ማትረፍ እንደሚቻል ታይቶ ነበር። ነገሩ በተሟላ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪም ክትትል የተሞከረ ነው። ማሃላናቢስ ግን ምርጫ አልነበረውም። ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ግሉኮስ አስመዝኖ በከረጢት አስሞላ፤ በበርሜል ውሃ አስበጠበጠ፤ እናቶችና ወንድሞች በኩባያ እየቀዱ ለሕመምተኞቻቸው እንዲያጠጡ አደረገ። ወደ 30 በመቶ ደርሶ የነበረው የሟቾች ቁጥር እሱ በያዘው ክፍል ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

በ1978 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ይህ ግኝት የክፍለ ዘመኑ ታላቅ የሕክምና እርምጃ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። በኢትዮጵያ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የተባለችው ከረጢት የዚያች የቦንጋኦን በርሜል ልጅ ናት። በ1980 ገደማ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ እንደነበር ይገመታል፤ ዛሬ ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ነው። ሁሉም የከረጢቷ ሥራ አይደለም፤ ክትባት፣ ምግብና ውሃም ድርሻ አላቸው። ግን የእሷ ድርሻ ትልቅ ነው።

የዚህ ሕክምና ውበት ስም አለመጠየቁ ነው። ቫይረስም ይሁን ባክቴሪያ፣ አንድም ይሁኑ ሦስት፣ የሚገድለው በአብዛኛው የሰውነት ፈሳሽ ማለቁ ነው። ፈሳሹን መልስ፣ ልጁ ይተርፋል። በሌላ በኩል ግን ይኸው ስኬት አንድ ስንፍና ሳያመጣ አልቀረም። ስም ሳይጠየቅ ማዳን ከተቻለ ስሙን ማን ይፈልጋል? ለሠላሳ ዓመት ያህል «የአፍሪካና የእስያ ሕፃናት በምንድን ነው የሚታመሙት?» የሚለው ጥያቄ በወጉ አልተመለሰም። የከረጢቷ ውሃ የደም ተቅማጥን ቁስል አያድንም፤ ለሳምንታት የሚጎተተውን ተቅማጥም አያቆምም። የቀሩት ሞቶች ወደዚያ ተከማቹ።

ጥያቄው በስፋት የተነሣው ከ2007 እስከ 2011 ነው። በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በሰባት አገሮች፣ በጋምቢያ፣ በማሊ፣ በሞዛምቢክ፣ በኬንያ፣ በህንድ፣ በባንግላዴሽና በፓኪስታን አንድ ጥናት ተካሄደ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ፣ ጠንከር ያለ ተቅማጥ የያዛቸው 9,439 ሕፃናት ተመረመሩ። ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነበር። ለእያንዳንዱ ታማሚ ልጅ በዚያው ሰፈር ያለ፣ በዕድሜም በፆታም የሚመሳሰለው፣ ተቅማጥ የሌለበት ልጅ ተፈልጎ የእሱም ሰገራ ተመረመረ። እነዚህ ጤነኞች 13,129 ነበሩ።

ውጤቱ በ2013 ሲታተም ከታመሙት 83 በመቶ የሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ተገኘ። ጥሩ። ከጤነኞቹስ? 72 በመቶ።

ይህን ቁጥር ደግመው ያንብቡት። ምንም ካልሆኑ አንድ መቶ ልጆች ሰባ ሁለቱ፣ ናሙናቸው ላቦራቶሪ ቢገባ «አለበት» የሚል ወረቀት ይወጣላቸው ነበር ማለት ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ተሕዋስ አብረው የተገኙባቸው ደግሞ ከታመሙት 45 በመቶ፣ ከጤነኞቹ 31 በመቶ ነበሩ። ጥገኛ ተውሳኩ፣ ባክቴሪያውና ቫይረሱ ባንድ አንጀት ውስጥ ተጎራብተው መኖራቸው በእነዚያ ሰፈሮች ብርቅ ነገር አልነበረም። ሎሽ በ1875 የጠረጠረው ጉዳይ በሺዎች ተባዝቶ መጣ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የታመሙትን ከጤነኞቹ በግልጽ የለዩት ጥቂቶች ናቸው። ሮታቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ አንድ መርዝ አመንጪ የኢ ኮላይ ዓይነትና ሺጌላ በሰባቱም አገሮች በተደጋጋሚ ወጡ። ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ ያ የአይጥና የኤድስ ሕመምተኞች ጉዳይ የተባለው፣ በጨቅላዎች ላይ ከሮታቫይረስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ። ጃርዲያ ግን ሰው ግራ አጋባ፤ ዓመት ያለፋቸው ልጆች ላይ ከታመሙት ይልቅ በጤነኞቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። አሜባም ከዋናዎቹ መካከል አልነበረም። በጤና ጣቢያ ወረቀት ላይ ዘወትር ስማቸው የሚጻፈው ሁለቱ፣ ጥፋተኛ ሲፈለግ ከዝርዝሩ ግርጌ ሆኑ።

ሌላም አሳዛኝ ነገር ታየ። ልጆቹ ከተመዘገቡ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ክትትል ሲደረግላቸው፣ ተቅማጥ ከያዛቸው ውስጥ የሞቱት ከጤነኞቹ በ8.5 እጥፍ በልጠው ተገኙ። ከሟቾቹም ከግማሽ በላይ የሆኑት የሞቱት ከጤና ተቋም ውጭ፣ በአብዛኛው ቤታቸው ነው። ታክመው ከሄዱ በኋላ ማለት ነው።

በ2016 የዚያው ጥናት ናሙናዎች እንደገና በአዲስ የዘረመል ዘዴ ተመረመሩ። ይህ ዘዴ «አለ ወይስ የለም» ብሎ ብቻ አይቆምም፤ «ምን ያህል አለ?» ብሎ ይቆጥራል። ጥያቄው ይህ ሆኖ ሲገኝ ጭጋጉ ተገፈፈ። ምክንያቱ የታወቀለት የተቅማጥ መጠን ከ51.5 በመቶ ወደ 89.3 በመቶ ዘለለ፤ ሺጌላ ደግሞ ከሁሉም ፊት ወጣ። ካልቸር ብዙ ሺጌላ ያመልጠው እንደነበር ታወቀ። ጥቂት ሺጌላ ይዞ የሚሮጥ ልጅ አለ፤ ብዙ ሺጌላ ይዞ የሚሞት ልጅ አለ። «ተገኘ» የሚለው ቃል ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

ታዲያ ጃርዲያ ንጹሕ ነው? እንዲህ ብሎ መደምደምም ሌላ ጥድፊያ ይሆናል። በሰሜን ምዕራብ ኢኳዶር የተሠራ ጥናት፣ በ2012 የታተመ፣ ሮታቫይረስና ጃርዲያ ባንድ ላይ ሲገኙ የሚያስከትሉት ተቅማጥ ሁለቱ ለየብቻ ቢሆኑ ከሚያስከትሉት ድምር እንደሚበልጥ አሳይቷል። በ2017 ደግሞ በቂ ፕሮቲን ባላገኙ አይጦች ላይ ጃርዲያና አንድ የኢ ኮላይ ዓይነት አብረው ሲሰጡ የአይጦቹ ዕድገት ይበልጥ ተጎዳ። ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ በስምንት አገሮች የተከታተለው ሌላ ትልቅ ጥናትም ሺጌላ፣ ካምፒሎባክተርና ጃርዲያ ተቅማጥ ሳያስከትሉ በአንጀት ውስጥ ሲከርሙ ልጆቹ ቁመታቸው እንደሚያጥር አገኘ። መቀንጨር ማለት ይኸው ነው። ልጁ አልታመመም ይባላል፤ ይበላል፣ ግን አያድግም። የሚበላው ምግብ ከተሕዋስያኑ ጋር ሲከራከር የሚውል የቆሰለ አንጀት ውስጥ ይገባል።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ ያገኙትን ሁሉ መግደል ነው የሚል ሰው ይኖራል። ለአጣዳፊ ተቅማጥ አንቲባዮቲክ በየፋርማሲው የሚሸጠው በዚህ ስሌት ነው፤ አንድ ፍላጂል፣ አንድ ሲፕሮ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ባንድ ላይ። በሮታቫይረስ ላይ ሁለቱም አይሠሩም። በክሪፕቶስፖሪዲየም ላይም አይሠሩም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ውሃ መሳይ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ከ10 እስከ 14 ቀን ዚንክ ይሰጠው፤ የጡት ወተትና ምግብ አይቋረጥበት። ደም ከታየ ሺጌላ እንደሆነ ተቆጥሮ ለእሱ የሚሆን አንቲባዮቲክ ይሰጠው፤ የላቦራቶሪ መልስ አይጠበቅም። ለአሜባ የሚታከመው ለሺጌላ የተሰጡ ሁለት መድኃኒቶች ካልሠሩ ወይም ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ አሜባ በማይክሮስኮፕ ከታየ ብቻ ነው። በመመሪያው ላይ የእናትየው ዓይን፣ ሰገራው ላይ ያየችው ደም፣ ከወረቀቷ ይልቅ ክብደት አለው።

መመሪያውን የማያውቅ የሕፃናት ሐኪም የለም። ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ እናትየው ደግሞ ከሩቅ መጥታ «ስኳርና ጨው ብቻ» ተሰጥቷት ስትመለስ የተናቀች ይመስላታል። እንክብል ያለበት ወረቀት ይዞ መውጣት መታከም ነው፤ ከረጢት ይዞ መውጣት መባረር ነው። ይህን ስሜት ችላ ብሎ መመሪያ መለጠፍ ብዙ አልጠቀመም።

የማይገባው አንቲባዮቲክ ዋጋም እየተከፈለ ነው። የሲፕሮ ዘመዶችን የተላመደ ሺጌላ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ መድኃኒት ይፈለግላቸዋል ብሎ በ2017 ካወጣቸው ባክቴሪያዎች መካከል ተመዝግቧል፤ በ2024 በታደሰው ዝርዝር ደግሞ ደረጃው ከፍ ተደርጓል።

ከምንጩ ለማድረቅ የተደረገው ሙከራም እንደታሰበው አልሆነም። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ለሺዎች ቤተሰቦች መጸዳጃ፣ እጅ መታጠቢያና የውሃ ክሎሪን ተሰጥቶ ሕፃናቱ ለዓመታት ተጠኑ። ውጤቱ በ2018 እና በ2019 ወጣ። በባንግላዴሽ ተቅማጥ ቀነሰ፤ በኬንያና በዚምባብዌ አልቀነሰም። በሦስቱም አገር መጸዳጃውና ክሎሪኑ የልጆቹን ቁመት አልጨመሩም። ዶሮው ግቢው ውስጥ ይዞራል፣ ሕፃኑ አፈሩን ይዳስሳል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየምን እንደማይገድለው ደግሞ ሚልዋኪ ቀድማ አሳይታለች። ለድሃ ገጠር ርካሽ ጉድጓድና ጠብታ ክሎሪን ይበቃዋል የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ተፈተነ። ሀብታም አገሮች ከዚህ በሽታ የወጡት እስከ ቤት በሚደርስ የቧንቧ ውሃና በተሸፈነ ፍሳሽ ነው፤ ያ ደግሞ የመሐንዲስና የበጀት ጥያቄ ነው።

ከአራቱ ዋና ዋናዎች ክትባት የተገኘለት አንዱ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የሮታቫይረስን ክትባት ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በመደበኛው መርሐ ግብር እየሰጠች ነው። ለሺጌላ የሚሆኑ ክትባቶች በሙከራ ላይ ናቸው፤ ፈቃድ አግኝቶ በስፋት የሚሰጥ ግን እስካሁን የለም። ለክሪፕቶስፖሪዲየም ክትባት የለም፤ ያለው ናይታዞክሳናይድ የተባለ አንድ መድኃኒት ነው። ዛምቢያ ውስጥ በተቅማጥ በተያዙ ሕፃናት ላይ ሲሞከር ኤችአይቪ የሌለባቸውን ረድቷል፤ ኤችአይቪ ያለባቸውን ግን አልረዳቸውም።